ጅራቱ የማን ነው? — የእንግሊዝኛ ባዕድ መድረሻዎች ታሪክ

መቼም ከመካከላችን የመጀመሪያ ዓመት የእንግሊዝኛ ፈተና ያላንገላታው ካለ እጁን ያውጣ፤ እኔ በበኩሌ አላወጣም። ጥያቄው «የሚከተሉትን ቅጽሎች ወደ ስም ለውጥ» ይላል። ከሥሩ አምስት ቃላት ተደርድረዋል፤ ካይንድ፣ ዳርክ፣ ትሩ፣ ዋይድ፣ ፍሪ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ከሁሉም ኋላ «ነስ» እየቀጠለ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ወረቀቱ ሲመለስ ካይንድነስና ዳርክነስ አልፈዋል፤ ትሩነስ፣ ዋይድነስና ፍሪነስ በቀይ ተሰርዘዋል። ትክክሉ ትሩዝ፣ ዊድዝ፣ ፍሪደም ነው ተባለ። ልጁ ዝም ብሎ የሚቀበል ዓይነት አይደለምና እጁን አንሥቶ «ለምን?» ሲል ጠየቀ። መምህሩም «ለምን የሚባል ነገር የለም፤ እንዲያው ነው፤ ሸምድዱት» ብለው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ።

ያን ዕለት ማታ ጓደኛዬ ደብተሩን አልጋው ላይ ወርውሮ «ይኼ ቋንቋ እኮ የገበሬ ልጅ አይወድም» አለኝ። የተማረበት የገጠር ትምህርት ቤት አንዱን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ ነበር የሚያድለው። ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እርሱ ግን አልሳቀም። ያቺን «ለምን» የምትል ቃል ይዤ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሄድሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ያገኘሁት መልስ ከጠበቅሁት የተለየ ስለሆነብኝ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ።

በአማርኛ ሰዋስው ትምህርት ከቃል ኋላ የሚቀጠለውን ቁራጭ «ባዕድ መድረሻ» እያልን ነው ያደግነው። «ደግ» ላይ «ነት» ሲቀጠል «ደግነት» ይሆናል፤ ቅጽል የነበረው ስም ሆነ ማለት ነው። «ኃይል» ላይ «ኛ» ሲቀጠል «ኃይለኛ» ይሆናል፤ ስም የነበረው ቅጽል ሆነ። በእንግሊዝኛም ሥራው ይኸው ነው። ቁራጩ ብቻውን አይቆምም፤ የተጠጋውን ቃል ግን ከአንዱ የንግግር ክፍል አንሥቶ ወደ ሌላው ያሻግረዋል። ስሙ ታዲያ ያስገርማል። «ባዕድ» ስንል ከሥሩ ያልሆነ፣ ከውጭ የመጣ ማለታችን ነው። የእንግሊዝኛን መድረሻዎች ታሪክ ስንመረምር ግን አንዳንዶቹ ጥንት ራሳቸውን ችለው የሚቆሙ የቤቱ ልጆች ሆነው እናገኛቸዋለን። ሌሎቹ ደግሞ በእውነት ባዕድ ናቸው፤ ከነርሱም ብዙዎቹ በጦር የመጡ ናቸው።

ከቤት ልጆቹ እንጀምር። አንግሎችና ሳክሶኖች የሚባሉት የጀርመን ነገዶች ከሰሜን አውሮፓ ተነሥተው ብሪታንያ የገቡት በ5ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ነው። ይዘውት የመጡት ቋንቋ ዛሬ ጥንታዊ እንግሊዝኛ ይባላል። በዚያ ቋንቋ «ዶም» የሚባል ቃል ነበረ፤ ትርጉሙም ፍርድ፣ ሕግ፣ ሥልጣን ነው። ይህ ቃል ከሌላ ቃል ጋር እየተጣመረ የአንድን ሰው ሥልጣን ወይም ደረጃ ለማመልከት ያገለግል ጀመር። እየዋለ እያደረ ድምፁ ደከመና «ደም» የምትል ጅራት ሆነ። ኪንግደም፣ ዊዝደም፣ ፍሪደም የምንላቸው ሁሉ የእርሱ ልጆች ናቸው። አባትየው ራሱም አልሞተም፤ «ዱም» ተብሎ ዛሬም አለ፤ እንግሊዞች የመጨረሻውን የፍርድ ቀን የሚጠሩት በእርሱ ነው።

ቻይልድሁድ ላይ ያለው «ሁድ»ም እንዲሁ ጥንት «ሃድ» ነበረ፤ ማዕረግ ወይም ሁኔታ ማለት ነው። እርሱ ግን እንደ «ዶም» አልታደለም፤ ጅራቱ ሲቀር ቃሉ ለብቻው መነገሩን ተወ። ፍሬንድሺፕ ላይ ያለው «ሺፕ» ደግሞ መርከብ የሚመስለው ሞልቷል። አይደለም፤ ቅርጽ ከሚለው «ሼፕ» ጋር የሚዛመድ፣ ሁኔታን የሚያመለክት ጥንታዊ መድረሻ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን «ሊ» ነው። ጥንት «ሊች» ይባል ነበር፤ ትርጉሙም አካል፣ ሰውነት፣ በድንም ጭምር ነው። «ፍሬንድ» ላይ ሲቀጠል የወዳጅ አካል ያለው፣ የወዳጅ መልክ ያለው እንደማለት ነበረ፤ ይህም ቅጽል ነው። ከዚህ ቅጽል ተውሳከ ግሥ ማውጣት ሲፈለግ አንዲት «ኤ» ከኋላ ትጨመርና «ሊቼ» ይባላል። በኋለኛው ዘመን ያቺ የመጨረሻ አናባቢ ጠፋች፤ ሁለቱም ተመሳስለው «ሊ» ሆኑ። ዛሬ ፍሬንድሊ ቅጽል፣ ኩዊክሊ ግን ተውሳከ ግሥ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። «ሊ ያለበት ሁሉ ተውሳከ ግሥ ነው» ብሎ የሸመደደ ተማሪ የሚወድቀውም እዚህ ጋ ነው። የወደቀው በሞኝነቱ አይደለም፤ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንዲት ፊደል ስለጠፋች ነው።

«ፉል» እና «ሌስ»ም የቤት ልጆች ናቸው። «ፉል» እንዳለ ሙሉ ማለት ነው። «ሌስ» ግን ተጠንቀቁ፤ ያነሰ ከሚለው «ሌስ» ጋር ዝምድና የለውም። የመጣው «ሌያስ» ከሚል ጥንታዊ ቅጽል ነው፤ ትርጉሙ የሌለው፣ የጎደለው ማለት ሲሆን ዘመዱም ልቅ የሚለው «ሉስ» ነው። ስለዚህ ሆፕሌስ ማለት ተስፋው ያነሰ ሳይሆን ጭራሽ ተስፋ የሌለው ማለት ነው።

አሁን ጓደኛዬን የጣለው «ዝ» ላይ ደረስን። ይህ እጅግ ያረጀ መድረሻ ነው። ሎንግ ሌንግዝ፣ ስትሮንግ ስትሬንግዝ፣ ብሮድ ብሬድዝ ሲሆን ውስጡ ያለው አናባቢ ለምን ይለወጣል? በጥንቱ ዘመን መድረሻው ፊት ለፊቱ የ«ኢ» ድምፅ ነበረው። ያቺ «ኢ» ከፊቷ ያለውን አናባቢ ወደራሷ ሳበችና ራሷ ጠፋች። የሳበችው አናባቢ ግን እንደተሳበ ቀረ። ጥላው ቀርቶ ሰውየው የሄደ ዓይነት ነገር ነው። ይህ መድረሻ ከብዙ ጊዜ ወዲህ አዲስ ቃል አይወልድም። ጆን ራስኪን የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1860ዎቹ ሀብት የሚለውን «ዌልዝ» አይቶ ተቃራኒውን «ኢልዝ» ብሎ ፈጠረ፤ ጉዳት የሚያመጣ ሀብት ለማለት ነው። ሐሳቡ ቢወደድም ቃሉ ከመጽሐፉ ብዙም አልራቀም።

«ነስ» ግን ዛሬም እንደ ወጣት ይሠራል። የፈለጋችሁትን ቅጽል ስጡት፣ ስም አድርጎ ይመልስላችኋል። ታዲያ ትሩነስና ፍሪነስ ለምን ተሰረዙ? ቤቱ ቀድሞ ስለተያዘ ነው። ትሩዝና ፍሪደም «ነስ» ሳይደርስባቸው ከሺህ ዓመት በፊት የተቀመጡ ቃላት ናቸው። አዲስ መጪ ቃል በመድረሻው ሕግ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ቦታው ባለቤት ስላለው ውጭ ይቆማል። ካይንድና ዳርክ ላይ ግን ቦታውን የያዘው ራሱ «ነስ» ነውና ተቀባይነት አገኘ። ስለ ዋይድነስ ግን ቆይቼ የምናገረው አለኝ።

ወደ እውነተኞቹ ባዕዳን እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ሄስቲንግስ ላይ ድል አድርጎ የእንግሊዝን ዘውድ ጫነ። ከዚያ ወዲያ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል የቤተ መንግሥቱ፣ የፍርድ ቤቱና የመኳንንቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። እንግሊዝኛ የማን ሆነ? የገበሬ፣ የእረኛ፣ የገረድ። ሹመት የሚፈልግ ሰው ልጁን ፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር። ጓደኛዬ «የገበሬ ልጅ አይወድም» ያለው ቋንቋ ራሱ የገበሬ ልጅ ነበር ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ1362 ፓርላማ «በፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን» የሚል ሕግ አወጣ። የሚገርመው ሕጉ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው።

እንግዲህ ፈረንሳይኛ ሲሸሽ ጓዙን ሁሉ ይዞ አልሄደም። ገቨርንመንት፣ ፓኒሽመንት፣ ሜሪጅ፣ ከሬጅ እያሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቃላት ቀሩ። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የገቡት ቃላቱ ናቸው እንጂ መድረሻዎቹ አይደሉም። ገበሬው «ፓኒሽመንት» ሲል አንድ ድፍን ቃል ነው የሚለው። ነገር ግን «ፓኒሽ» የሚለውን ግሥም ለብቻው ይሰማል። ሁለቱን ሲያስተያይ «መንት» የምትለው ቁራጭ ሥራዋ ምን እንደሆነ ገባው፤ ግሥን ስም ታደርጋለች። ከዚያማ ማን ይዞት! ከፈረንሳይኛው ቃል ነቅሎ የራሱ ግሥ ላይ ተከላት፤ ከ«ሴትል» ሴትልመንትን፣ ከ«አሜዝ» አሜዝመንትን አወጣ። «ኤብል»ን ከፈረንሳይኛ ወስዶ የራሱ «ኢት»፣ «ድሪንክ»፣ «ሪድ» ላይ ቀጠለና ኢተብል፣ ድሪንከብል፣ ሪደብል አለ። ይህ «ኤብል» ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ችሎ ከሚለው «ኤብል» ጋር አንድ ይመስላል እንጂ በላቲን ምንጫቸው የተለያዩ ናቸው።

ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሄደ አይደለም። የቤት ልጆቹም በተራቸው ፈረንሳይኛውን ቃል ያዙት። «ፌይዝ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ፌይዝፉልነስ ሲባል ግን አንድ እንግዳ ሥር ሁለት የቤት ጅራት ተሸክሟል። ስም የነበረው ቅጽል ሆነ፣ ቅጽሉ ተመልሶ ስም ሆነ። የጠበቆች ፈረንሳይኛም የራሱን አሻራ ተወ። ኢምፕሎየር አሠሪ፣ ኢምፕሎዪ ተቀጣሪ ስንል በመጨረሻዋ «ኢ» የምንለየው፣ በሕግ ፈረንሳይኛ ድርጊቱ የተፈጸመበት ሰው በዚያች ድምፅ ይታወቅ ስለነበር ነው።

ሙሉ በሙሉ የቤት ልጅ ነው የምንለው «ኧር» እንኳ ቢመረመር ጉድ አለበት። ቤከር፣ ራይተር ላይ ያለው ይህ መድረሻ በጥንታዊ እንግሊዝኛም ነበረ። ነገር ግን አብዛኞቹ የቋንቋ ሊቃውንት የጀርመን ነገዶች ገና ብሪታንያ ሳይገቡ ከላቲን የወሰዱት ነው ይላሉ። ሴት ሠራተኛ ስትሆን ደግሞ «ስተር» ይባል ነበረ። ስፒንስተር ፈታይ ሴት ማለት ነበረች፤ ኋላ ያላገባች ሴት ማለት ሆነ። ዌብስተርም ሸማኔ ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1828 ታላቁን የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ኖኅ ዌብስተር የሚጠራው በሸማኔ ሴት ስም ነው። መድረሻው የሴትነት ምልክቱን ከጣለ ቆይቷልና ለዌብስተር ጺም አልከበደውም።

በ16ኛው መቶ ዓመት ጠብ ተነሣ። ሊቃውንቱ ከላቲንና ከግሪክ ቃል እየጫኑ ማስገባት ጀመሩ፤ ተቃዋሚዎቻቸው እነዚህን ቃላት «የቀለም ቀንድ ቃላት» ብለው ዘለፏቸው፤ ከሕዝብ አፍ ሳይሆን ከቀለም ዕቃ የወጡ ናቸው ለማለት ነው። ቶማስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1553 ባሳተመው የንግግር ጥበብ መጽሐፍ ክፉኛ አላገጠባቸው። የካምብሪጁ ሊቅ ጆን ቺክ ደግሞ ከዘለፋ አልፎ በሥራ አሳየ። የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም የመቶ አለቃን «ሃንድረደር» አለው፤ መቶ በሚለው ቃል ላይ የቤቱን «ኧር» ቀጥሎ። በጨረቃ የሚታመመውን ሰውም ጨረቃ ከሚለው ቃል «ሙንድ» ብሎ ሰየመው። ቃላቱ ያምራሉ፤ ተረጅም ናቸው። ነገር ግን የተጠቀመባቸው አልተገኘም። ይኸው ሰው እንግሊዝኛ ንጹሕ ሆኖ መጻፍ አለበት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1557 በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ንጹሕ የሚለውን «ፒውር» የተበደረው ከፈረንሳይኛ ነው!

በሌላው ወገን ቶማስ ናሽ የተባለው ጸሐፊ ከግሪክ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል በመጣው «አይዝ» ግሥ እየፈጠረ ሲበዛ ተወቀሰ። እርሱም በ1590ዎቹ የሰጠው መልስ የነጋዴ መልስ ነው። የእንግሊዝኛ አጫጭር ቃላት ሽርፍራፊ ሳንቲሞች ናቸውና ብዙዎቹን ሰጥቼ አንድ ትልቅ ገንዘብ ብለውጥ ምን አጠፋሁ የሚል ነው። ቤን ጆንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1601 በመድረክ ባሳየው ቴአትር አንዱን ገጸ ባሕርይ መድኃኒት አጠጥቶ እንዲህ ያሉትን ቃላት አስታወከው። ከታወኩት መካከል ሪሲፕሮካል፣ ስትረንየስና ስፑርየስ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፋችን አሉ። ሉብሪካል ግን እንደወጣ ቀረ። ማን እንደሚኖር፣ ማን እንደሚሞት የወሰነው ሊቁም ዘላፊውም አይደለም፤ ተናጋሪው ነው።

ይህ ጠብ በየዘመኑ ተደግሟል። ዊልያም ሂዌል እ.ኤ.አ. በ1833 የሳይንስ ሰዎችን በአንድ ስም ለመጥራት «ሳይንቲስት» የሚለውን ቃል ሲያቀርብ፣ የላቲን ሥር ላይ የግሪክ ጅራት ነው ብለው የተጸየፉት ነበሩ፤ ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? «ሪላየብል» የሚለው ቃልም በ19ኛው መቶ ዓመት ችሎት ቆሟል። ግሡ «ሪላይ ኦን» ስለሆነ «ሪላይኦነብል» መባል ነበረበት ተብሎ ተከሰሰ። ፊትዝኤድዋርድ ሆል የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 በ«ኤብል» ስለሚጨርሱ ቅጽሎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ ጠበቃ ቆመለት። ከክሱ በፊት ብዙ ዘመን «ላፈብል» ሲባል ኖሯልና፣ «ላፍ አት» ስለሚባል «ላፍአተብል» ይባል ያለ አልነበረም። ቃሉ ነጻ ወጣ።

ወደኛ ቤት ስንመለስ ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። «ጋዜጣ» ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ «ኛ» ቀጥለን «ጋዜጠኛ» ስንል ማንም የቀለም ቀንድ አላለንም። «ዲሞክራሲያዊነት» ላይ ሥሩ ግሪክ፣ «አዊ» ከግዕዝ የወረስነው፣ «ነት» የአማርኛችን ነው፤ ፌይዝፉልነስ እንግሊዞች ዘንድ የሠራውን ሥራ እዚህ ሠርቷል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. አዲሱ መንግሥት ሶሻሊዝምን ሲያውጅ ቃሉን «ኅብረተሰብአዊነት» ብሎ ነበር የጀመረው፤ ጆን ቺክ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን «ሶሻሊዝም» እንዳለ ገብቶ ቦታውን ወሰደ። ይሁንና አንድ ልዩነት አለ። «ኢስት» እና «ኢዝም»ን እስካሁን የምናውቃቸው ከድፍን ቃል ጋር ነው፤ ነቅሎ የአማርኛ ሥር ላይ በቁም ነገር የተከላቸው ሰው እኔ አልሰማሁም። በዚህ ረገድ ያለነው «መንት»ን ገና ነጥሎ ያላወቀው የእንግሊዝ ገበሬ ደረጃ ላይ ነው። ነገ ምን እንደሚሆን ተናጋሪው ያውቃል።

ለፈተናም ቢሆን ከዚህ ታሪክ የሚተርፍ ነገር አለ። አንድ ቃል ሲገጥማችሁ ጅራቱን ሦስት ነገር ጠይቁት። ከየት መጣህ? የምትጠጋው ስም ላይ ነው፣ ቅጽል ላይ ወይስ ግሥ ላይ? ቤቱን ቀድሞ የያዘ ሌላ ቃል አለ ወይ? ለምሳሌ ኔሽን ስም ነው፤ «አል» ሲቀጠል ናሽናል፣ ቅጽል ይሆናል፤ «አይዝ» ሲጨመር ናሽናላይዝ፣ ግሥ ይሆናል፤ «ኤሽን» ሲደረብ ናሽናላይዜሽን፣ ተመልሶ ስም ይሆናል። እያንዳንዱ ጅራት የሚቀጥለውን ይጠራል፤ ተራው ሲዛባ ቃል አይወጣም። ይህን ያወቀ ሰው ከሽምደዳ ግማሹን ይገላገላል።

አሁን ወደ ዋይድነስ። ይህ ቃል በጥንታዊ እንግሊዝኛ የነበረ ነው። «ዊድዝ» የተባለው ግን ብቅ ያለው በ17ኛው መቶ ዓመት፣ «ሌንግዝ»ንና «ብሬድዝ»ን ተመስሎ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው ዝነኛ መዝገበ ቃላቱ «ዊድዝ»ን ተራ ቃል ነው ብሎ አዋርዶ፣ ትርጉሙን ሲሰጥ ግን ዋይድነስን ተጠቅሟል። ዋይድነስ ዛሬም ከመዝገበ ቃላት አልወጣም፤ ቦታውን ለኋለኛው ለቀቀ እንጂ። እንግዲህ በቀይ የተሰረዘው የጓደኛዬ መልስ ከትክክለኛው መልስ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል።

ይህን ሁሉ አንድ ማታ መብራት ሊጠፋ ሲል ነገርሁት። የኖርማንዲውን መስፍንም፣ ሸማኔዋንም፣ ጆንሰንንም በጸጥታ አዳመጠኝ። ከአልጋው ቀና አለና «ቆይ፣ ታዲያ ዋይድነስ ልክ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«ነበር» አልሁት።

«እንግዲያው አንድ ነጥቤን ይመልሱልኛ!» አለና፣ ከፈተናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። በማግሥቱ ያን የጣለውን ደብተር ከፍቶ፣ በቀይ ከተሰረዘችው ቃል ጎን በእርሳስ «1755» ብሎ ሲጽፍ አየሁት።